የጤና መድን መዋጮና የመድኃኒት ቤቱ መስኮት

ሕክምና ያለ ወጪ አይሰጥም። ወጪውን ማን ይሸፍናል፣ መቼስ ይከፈላል የሚለው ግን ከአገር አገር ይለያያል፤ የአንድ አገር የጤና ፖሊሲ ለድሃው ምን ያህል እንደሚያስብ የሚታወቀውም በዚሁ ነው። ከአማራጮቹ ሁሉ የከፋው ታማሚው በታመመበት ዕለት ከኪሱ የሚከፍልበት አሠራር ነው። ገንዘቡ የሚጠየቀው ጉልበት በከዳበት፣ ገቢ በተቋረጠበት ሰዓት ስለሆነ ቤተሰቡ በግ ወይም በሬ ይሸጣል፣ መሬቱን ያከራያል፣ በወለድ ይበደራል፤ ይህ ሁሉ ካልሆነለት ሕመምተኛውን ቤት አስተኝቶ እግዜርን ይለምናል። በኢትዮጵያ በየጊዜው የሚወጡት የብሔራዊ ጤና ወጪ ጥናቶች እንደሚያሳዩት ለጤና ከሚወጣው ገንዘብ ወደ ሲሶ የሚጠጋውን ቤተሰቦች ከኪሳቸው ይከፍላሉ። ሌላውን ሲሶ መንግሥት፣ ሌላውን ደግሞ የውጭ ለጋሾች ይሸፍናሉ።

መንግሥት ይህን ለማስተካከል የጀመረው በ1990 ዓ.ም. ባወጣው የጤና አገልግሎት ፋይናንስ ስትራቴጂ ነበር። ከዚያ በፊት ሆስፒታሎችና ጤና ጣቢያዎች ከታካሚ የሚሰበስቡት ገንዘብ ወደ መንግሥት ግምጃ ቤት ይገባ ስለነበር፣ ጤና ጣቢያው ጓንትና መድኃኒት ሲያልቅበት የራሱ ገቢ እንኳ አይደርስለትም ነበር። በአዲሱ አሠራር ተቋማቱ የሰበሰቡትን ይዘው ለመድኃኒት፣ ለዕቃና ለጥገና እንዲያውሉት ተፈቀደ። ወሊድ፣ ክትባት፣ የቤተሰብ ምጣኔ፣ የሳንባ ነቀርሳ ሕክምናና ሌሎች ለኅብረተሰቡ ጤና ወሳኝ የሆኑ አገልግሎቶች ለማንም ሰው ያለ ክፍያ እንዲሰጡ ተደነገገ። ምንም የሌለው ሰው ደግሞ ከቀበሌው የነፃ ሕክምና ወረቀት ይዞ እንዲታከም ሆነ። እነዚህ ሁሉ መልካም እርምጃዎች ነበሩ፤ መሐል ላይ የቀረውን ሰፊ ሕዝብ ግን አልነኩትም። ሁለት ጥማድ መሬትና አንድ በሬ ያለው ገበሬ የነፃ ወረቀት ለማግኘት ድሃ አይባልም፤ ሚስቱ ለትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ብትገባ ግን ያንኑ በሬ ይሸጣል። የጤና መድን የታሰበው በዋናነት ለዚህ ሰው ነው።

ዕቅዱ ሁለት እግር ነበረው። አንደኛው ደመወዝተኛውንና ጡረተኛውን የሚያቅፈው የማኅበራዊ ጤና መድን ሲሆን፣ በአዋጅ ቁጥር 690/2002 ተደነገገ። ሁለተኛው ለገበሬው፣ ለአርብቶ አደሩና በግሉ ለሚያድር የከተማ ሰው የታሰበው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ነው። ይህኛው በ2003 ዓ.ም. በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በደቡብ ክልሎች በተመረጡ 13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀመረ፤ ከእነሱም መካከል ፎገራ፣ ተሁለደሬ፣ ደቡብ አቸፈር፣ ደደርና ጊምቢቹ ይገኙበታል። ሐሳቡ ለገበሬው ጨርሶ እንግዳ አይደለም። በሞት ጊዜ ለመረዳዳት በየወሩ የሚያዋጣ ሕዝብ፣ በሕመም ጊዜ ለመረዳዳት ማዋጣትን ከእድሩ ተነሥቶ ሊገነዘበው ይችላል። አንድ ልዩነት ግን አለ፤ የእድር ገንዘብ ያዥ የሠፈር ሰው ነው፣ የጤና መድኑን ገንዘብ የሚይዘው ወረዳው ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የቀበሌው ነዋሪ በጠቅላላ ጉባኤ ተሰብስቦ መድኑ በቀበሌው ይጀመር አይጀመር ብሎ በድምፅ ብልጫ ይወስናል። ከዚያ በኋላ ግን የሚመዘገበው እያንዳንዱ ቤተሰብ በፈቃዱ ነው። መዋጮው የሚሰላው በአባወራ ወይም በእማወራ ደረጃ ሆኖ ባልና ሚስትን፣ ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በታች የሆኑ ልጆቻቸውን ያቅፋል፤ ከቤተሰቡ ጋር ለሚኖር ከዚያ በላይ ዕድሜ ላለው ሰው ጭማሪ ይከፈላል። በሙከራው ዘመን የአንድ ቤተሰብ የዓመት መዋጮ እንደየክልሉ ከ126 እስከ 180 ብር ነበር። ከዚያ ወዲህ በየጊዜው ከፍ ብሏል። መዋጮው የሚሰበሰበው በአብዛኛው ገበሬው ምርቱን ካስገባ በኋላ፣ እጁ ላይ ብር ባለበት ወቅት ነው። የከፈለ ቤተሰብ ፎቶ የተለጠፈበት የአባልነት ደብተር ይሰጠዋል፤ ደብተሩም በየዓመቱ ይታደሳል። የፌዴራል መንግሥት በአባላቱ መዋጮ ላይ ጠቅላላ ድጎማ ይጨምራል፤ ክልሉና ወረዳው ደግሞ መክፈል ለማይችሉት የድሃ ድሃዎች መዋጮውን ይከፍሉላቸዋል። ቀድሞ በነፃ ወረቀት ይታከም የነበረው ሰው በዚህ መንገድ እንደማንኛውም አባል ደብተር ይዞ ይሄዳል፤ ካርድ ክፍሉ ላይ ከጎረቤቱ የሚለየው ነገር አይኖርም። ይህ ለክብሩ ትልቅ ነገር ነው።

አባሉ ሲታመም መጀመሪያ የሚሄደው ውል ወደ ተገባበት ጤና ጣቢያ ነው። ከጤና ጣቢያው አቅም በላይ ከሆነ ሪፈር ተጽፎለት ወደ መጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል፣ ከዚያም ወደ አጠቃላይና ወደ ሪፈራል ሆስፒታል ያልፋል። ምርመራ፣ ላብራቶሪ፣ መኝታ፣ ቀዶ ሕክምናና መድኃኒት በሽፋኑ ውስጥ ናቸው። መነጽር፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ ለውበት የሚደረግ ቀዶ ሕክምና፣ ውጭ አገር ሄዶ መታከም አይሸፈኑም። ኩላሊቱ ሥራ ላቆመ ሰው ዕድሜ ልክ የሚደረገው እጥበትም ከሽፋኑ ውጭ ነው። ይህ የመጨረሻው ውሳኔ ጨካኝ ይመስላል፤ ነገር ግን አንድ የእጥበት ታማሚ በዓመት የሚፈልገው ገንዘብ ብዙ መቶ ቤተሰቦች ካዋጡት ሊበልጥ ስለሚችል፣ በወረዳ ደረጃ የተጠራቀመ ትንሽ ገንዘብ ሊሸከመው አይችልም። ኃላፊነቱ ወደ አገሪቱ በጀት መሄድ ነበረበት።

ውጤቱን በተመለከተ የሙከራው ግምገማ ያሳየው ተስፋ ሰጪ ነበር። በዚያን ጊዜ አንድ ኢትዮጵያዊ በአማካይ በዓመት ወደ ጤና ተቋም የሚሄደው 0.3 ጊዜ ገደማ ሲሆን፣ ማለትም በሦስት ዓመት አንዴ ያህል፣ የመድኑ አባላት ግን 0.7 ጊዜ ያህል ይሄዱ ነበር። በሙከራው ወረዳዎች ቤተሰቦችን ለዓመታት የተከታተሉ የኢኮኖሚ ጥናቶችም አባል የሆኑ ቤተሰቦች ለዕዳ የመዳረግ ዕድላቸው መቀነሱን አሳይተዋል። እነዚህን ቁጥሮች ሲያነቡ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ሕመምተኛ ያለበት ቤት ቀድሞ ይመዘገባልና፣ አባላት ብዙ መታከማቸው ሁሉ የመድኑ ሥራ ነው ማለት አይቻልም። ያም ሆኖ እናትየዋ የልጇን ትኩሳት ሳምንት ሳታቆይ በማግሥቱ ጤና ጣቢያ ይዛው ከሄደች፣ ለሳንባ ምች የሚሆነው አሞክሳሲሊን በጊዜው ይደርሳል። በሕፃናት ሞት ላይ ልዩነት የሚያመጣው ይህ የቀናት ልዩነት ነው።

ከሙከራው በኋላ መድኑ በፍጥነት ተስፋፋ፤ ከ1,000 በላይ ወረዳዎች ደርሷል፣ አባላቱም በአሥር ሚሊዮኖች ይቆጠራሉ። ፍጥነቱ ግን የራሱን ችግር ይዞ መጣ። የአባላት ቁጥር ከላይ እንደ ዕቅድ ለወረዳ፣ ከወረዳ ለቀበሌ ይወርዳል፤ የቀበሌ አመራሩና የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ደግሞ ዕቅዱን እንዲያሟሉ ይገደዳሉ። ቤት ለቤት እየዞረች ስለ ክትባትና ስለ መጸዳጃ ቤት የምታስተምር ባለሙያ መዋጮ ሰብሳቢም ስትሆን፣ የሕዝቡ ዓይን ይለወጥባታል። በአንዳንድ ቦታዎች የመድን ደብተር ያላሳየ ሰው ሌላ የቀበሌ አገልግሎት ተከለከለ የሚሉ ቅሬታዎችም ይሰማሉ። መድኑ በሕግ በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተ ሆኖ ሳለ በተግባር ግዴታ ከሆነ፣ ገበሬው እንደ ግብር ይቆጥረዋል፤ ግብር ብሎ የከፈለውን ሰው ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት ደብተሩን እንዲያሳድስ ማሳመን ከባድ ነው።

በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተ መድን ሌላም ድክመት አለበት። ስኳር፣ ደም ግፊት ወይም አስም ያለበት ሰው በየዓመቱ ሳያስታጉል ያሳድሳል። ዓመቱን ሙሉ አንዴም ሳይታመም ያለፈ ወጣት ባለትዳር ግን «ገንዘቤ በከንቱ ሄደ» ብሎ ይቀራል። ጤነኞቹ እየወጡ ሕመምተኞቹ ብቻ ከቀሩ፣ የሚዋጣው ገንዘብ የሚወጣውን አይሸፍንም፤ መዋጮው ይጨመራል፣ ጭማሪው ደግሞ የቀሩትን ጤነኞች ያስወጣል። መድን ሰጪዎች በዓለም ሁሉ የሚፈሩት ይህን ነው። መድኑ በግለሰብ ሳይሆን በቤተሰብ እንዲሆን የተደረገውም ከአንድ ቤት ሕመምተኛው ብቻ ተመርጦ እንዳይመዘገብ ነው። በከፊል ሠርቷል፤ ቤት ከቤት እንዳይመረጥ ግን አያግድም።

የደብተሩን ዕድሳት የሚወስነው ግን ከዚህ ሁሉ በላይ በጤና ጣቢያው የመድኃኒት መስኮት ላይ የሚሆነው ነገር ነው። አንዲት ሴት ከገጠር ቀበሌ ሁለት ሰዓት በእግሯ ተጉዛ ጤና ጣቢያ ትደርሳለች። ካርድ ክፍል ደብተሯን አሳይታ ካርዷን ታስወጣለች፣ ተራዋን ጠብቃ በጤና መኮንኑ ትታያለች፣ ላብራቶሪ ደም ትሰጣለች፣ ውጤቷን ይዛ ትመለሳለች፣ ሦስት ዓይነት መድኃኒት ይታዘዝላታል። እስከዚህ ድረስ አንድም ብር አልተጠየቀችም፤ መድኑ ቃሉን ጠብቋል። መስኮቱ ጋ ስትደርስ ግን ባለሙያው ከሦስቱ አንዱን ብቻ ሰጥቶ በሁለቱ ላይ ምልክት ያደርጋል፤ «የለም፣ ከውጭ ግዥ» ይላታል። ከጤና ጣቢያው በር ፊት ለፊት ባለው የግል መድኃኒት ቤት ሁለቱም አሉ፤ ዋጋቸው ግን የዓመቱን መዋጮ ሊጠጋ ይችላል። በዚያን ጊዜ ያቺ ሴት የምታሰላው ሒሳብ ግልጽ ነው፤ ምርመራው ብቻውን አላዳናትም፣ የሚያድናት መድኃኒት ነበር፣ እሱን ደግሞ ሁለት ጊዜ ከፈለችበት። ሠፈሯ ስትመለስ የምትናገረውን የወረዳው ቅስቀሳ አይሽረውም። ደረሰኝ ይዞ የሚመጣ አባል ገንዘቡ ሊመለስለት የሚችልበት አሠራር ቢኖርም፣ ለደረሰኙ ዳግም ወደ ወረዳ ከተማ መመላለስ ለብዙዎች ከመድኃኒቱ በላይ ያስወጣል። በአዲስ አበባ መድኑ ከከተማው አስተዳደር የከነማ መድኃኒት ቤቶች ጋር እንዲሠራ መደረጉ ከተሜውን በጥቂቱ ረድቷል፤ በገጠር ወረዳ ግን ለጤና ጣቢያው አማራጭ የሚሆን የሕዝብ መድኃኒት ቤት አይገኝም።

መድኃኒቱ የሚጠፋበትን ምክንያት ለማወቅ ሰንሰለቱን ወደ ላይ መከተል ይገባል። ጤና ጣቢያው ለአባላት የሰጠውን አገልግሎት ዘርዝሮ ለወረዳው የመድን ጽሕፈት ቤት ያቀርባል። ጽሕፈት ቤቱ ጥቂት ሠራተኞች ያሉት ነው፤ በሺህ የሚቆጠሩ ማዘዣዎችን በእጅ እያገላበጡ ማጣራት አለባቸው። ክፍያው ሲዘገይ ጤና ጣቢያው ለኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት የሚከፍለው ያጣል፤ ዕዳ ያለበት ተቋም ደግሞ ለሚቀጥለው ግዥ ይቸገራል። ከዚያ በላይ አቅራቢው ራሱ አለ፤ አገሪቱ ከምትጠቀምበት መድኃኒት አብዛኛው ከውጭ የሚገባ በመሆኑ የውጭ ምንዛሪ ሲያጥር የሚገዛው ይቀንሳል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የመድኃኒትና የላብራቶሪ ኬሚካል ዋጋ ከዶላር ጋር ሲወጣ መዋጮው ግን የተወሰነው ከዓመቱ መጀመሪያ በብር ነው። ገበሬው ጥር ላይ የከፈለው ብር ነሐሴ ላይ የሚገዛው መድኃኒት በግማሽ ቢቀንስ ጥፋቱ የጤና ጣቢያውም የገበሬውም አይደለም። ይህን ልዩነት መሸፈን ያለበት በዓመቱ መሐል በጀት ማስተካከል የሚችለው መንግሥት ብቻ ነው።

ለተቋማቱ የሚከፈልበት መንገድም ሊታሰብበት የሚገባ ነው። አሁን በአብዛኛው የሚሠራበት ለተሰጠው አገልግሎት ሁሉ በዝርዝር መክፈል ነው። በዚህ አሠራር ተቋሙ ብዙ ባዘዘ ቁጥር ብዙ ይከፈለዋል፤ የማያስፈልግ ምርመራና መርፌ እንዲበዛ በር ይከፍታል። ተቃራኒው መንገድ ለጤና ጣቢያው በሥሩ ባሉት አባላት ቁጥር ልክ በነፍስ ወከፍ አስቀድሞ መስጠት ነው። የወረቀቱን ሥራ ያቃልላል፣ ገንዘቡ መድኃኒት ለመግዛት በጊዜው እጁ ይገባል፤ አደጋው ደግሞ ተቋሙ ገንዘቡን ለማትረፍ ሕክምናውን እንዳይቆነጥር ነው። ሁለቱም ጉድለት አለባቸው። ለጤና ጣቢያ ደረጃ ግን የነፍስ ወከፉ የተሻለ ይመስላል፤ የተቋሙ ትልቁ ችግር መድኃኒት ሲያልቅበት የሚገዛበት ገንዘብ በእጁ አለመኖሩ ነውና። ከሁሉም በፊት ግን ሠራተኛው አለ። መድኑ የታካሚውን ቁጥር ሲያሳድግ የባለሙያው ቁጥርና ደመወዝ በዚያው ልክ አላደገም። በግንቦት 2017 ዓ.ም. በመንግሥት ተቋማት የሚሠሩ የጤና ባለሙያዎች በደመወዝ ጥያቄ ሥራ እስከ ማቆም መድረሳቸው የዚህን ጫና ልክ አሳይቷል።

ድሃውን የማቀፉ ጉዳይም ያልተቋጨ ነው። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው ጥናት ከኢትዮጵያ ሕዝብ 23.5 በመቶው ከድህነት ወለል በታች ነበር። ወረዳዎች መዋጮ የሚከፍሉላቸው ቤተሰቦች ቁጥር ግን የሚወሰነው በወረዳው በጀት ነው፤ ድሃ የበዛበት ወረዳ ደግሞ በጀቱም የከሳ ነው። ብዙ ድጎማ የሚያስፈልገው ቦታ ትንሽ ድጎማ ያገኛል ማለት ነው። ከድሃ ድሃዎቹ ጥቂት ከፍ ያለው ገበሬ ደግሞ ከባለጠጋው ጎረቤቱ ጋር እኩል ሲከፍል ቆይቷል። ሩዋንዳ በዚህ ረገድ የሄደችበት መንገድ ትምህርት ይሰጣል። እዚያ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ቤተሰቦች በማኅበረሰቡ ግምገማ በኑሮ ደረጃቸው ተመድበው፣ የመካከለኛው 3,000፣ የላይኛው 7,000 የሩዋንዳ ፍራንክ በነፍስ ወከፍ እንዲከፍሉ፣ የታችኛውን 2,000 ፍራንክ ደግሞ መንግሥትና አጋሮቹ እንዲሸፍኑ ተደረገ። አመዳደቡ ቅሬታ አላጣውም፤ መርሁ ግን ትክክል ነው። በአፋርና በሶማሌ ያለው አርብቶ አደር ደግሞ ከመኸር በኋላ የሚባል ወቅት የለውም፤ ከከብቱ ጋር ከወረዳ ወረዳ ስለሚሻገርም ከአንድ ጤና ጣቢያ ጋር የታሰረ ደብተር አይጠቅመውም። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ጦርነት ባለፈባቸው አካባቢዎች ያለውም ችግር ሌላ ነው፤ ጤና ጣቢያው በተዘረፈበት፣ መንገድ በተዘጋበት ቦታ መዋጮ መሰብሰብ ትርጉም ያጣል።

የለጋሾቹ ሲሶም ከእንግዲህ የሚታመንበት አይደለም። በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታን ሲያግድ፣ የኢትዮጵያ ጤና ሚኒስቴር በዚያ ገንዘብ ተቀጥረው ይሠሩ የነበሩ 5,000 ያህል የጤና ሠራተኞችን ውል አቋረጠ፤ ብዙዎቹ በኤች አይ ቪ ሥራ ላይ የነበሩ ናቸው። በነፃ የሚሰጡት አገልግሎቶች በአብዛኛው በዚሁ የውጭ ገንዘብ ላይ የቆሙ ስለነበሩ፣ ጉድለቱ በጊዜ ካልተሞላ ሸክሙ ወደ ጤና ጣቢያው፣ ከጤና ጣቢያውም ወደ መድኑ መውረዱ አይቀርም። የአፍሪካ መሪዎች በ1993 ዓ.ም. አቡጃ ላይ ከበጀታቸው 15 በመቶውን ለጤና ለመመደብ ቃል ገብተው ነበር፤ ኢትዮጵያን ጨምሮ አብዛኞቹ እዚያ አልደረሱም። በየቤቱ የሚሰበሰበው መዋጮ ይህን ክፍተት ሊሞላ አይችልም፤ ሊሞላ ይችላል ተብሎ ከታቀደም በድሃው ላይ የሚፈረድ ፍርድ ነው። ጋና የጤና መድኗን እ.ኤ.አ. በ2003 በሕግ ስታቋቁም ትልቁን ድርሻ የጣለችው በዕቃና አገልግሎት ግብይት ላይ በተጨመረ 2.5 በመቶ ቀረጥ ላይ ነበር፤ ብዙ የሚገዛ ብዙ ይከፍላል።

የገንዘቡ ቋት መጠንም አለ። አንድ ወረዳ መቶ ሺህ ያህል ሕዝብ ይዞ ለብቻው ቋት ሲኖረው፣ አንድ የወባ ወረርሽኝ ወይም ጥቂት ከባድ ቀዶ ሕክምናዎች ያናጉታል፤ ጎረቤት ወረዳ ትርፍ ቢኖረው እንኳ አያበድረውም። ለዚህ ነው የወረዳዎቹን ገንዘብ በዞን ወይም በክልል ደረጃ የማጠራቀም ጅምር የመጣው። ከፍ ያለ ቋት ግን ዋጋ አለው፤ ገንዘቡ ከገበሬው ዓይን ሲርቅ ጥያቄው ይበዛል፣ መዝገቡ ወቅታዊ ካልሆነም መተማመን ይጠፋል። ሩዋንዳ በአውራጃ የተበታተነውን መድኗን እ.ኤ.አ. በ2015 ወደ አንድ አገራዊ የማኅበራዊ ዋስትና ተቋም አዛውራለች። በኢትዮጵያ ደግሞ ደመወዝተኛውን የሚመለከተው የማኅበራዊ ጤና መድን፣ ሠራተኛው ከደመወዙ 3 በመቶ፣ አሠሪውም 3 በመቶ እንዲያዋጡ የሚጠይቀው፣ አዋጁ ከወጣ በኋላ ለብዙ ዓመታት ተግባራዊነቱ ሲራዘም ቆይቷል። ሠራተኞች ያነሡት ጥያቄ ገበሬው መስኮቱ ላይ ከሚያነሣው የተለየ አልነበረም፤ ከደመወዛችን ቢቆረጥ መድኃኒቱ ይገኛል ወይ የሚል ነው። ይህ መድን ሲጀመር የደመወዝተኛው ገንዘብ ከገበሬው ጋር በአንድ ቋት ይግባ ወይስ ለብቻው ይያዝ የሚለው መወሰን ይኖርበታል። ለብቻው ከተያዘ ደመወዝተኛው የተሻለ ሆስፒታልና የተሟላ መድኃኒት ቤት ያገኛል፣ ገበሬው ባለበት ይቀራል። በአንድ ቋት ከሆነ ግን በየወሩ የሚገባው ቋሚ የደመወዝ መዋጮ ለወረዳ ጤና ጣቢያው ክረምት ከበጋ የሚያገለግል የመድኃኒት መግዣ ይሆናል።